ከብቸኛ ክፍል ወደ ጋራ ጠረጴዛ፦ የጋራ የሥራ ቦታዎች ወዳጅነትን የሚያፈሩት እንዴት ነው?

አንድ አርሶ አደር ብቻውን ቢያጭድ ቀናት የሚፈጅበትን ማሳ፣ ወንፈል የገቡ ጎረቤቶቹ አብረውት ሲሰለፉ በአንድ ቀን ሊያነሳው ይችላል። ይሁን እንጂ ወንፈል የጉልበት ብድር ብቻ አይደለም። በማሳው ዳር ምሳ አብሮ ይበላል፤ የከብት ዋጋ ይነገራል፤ የታመመ ሰው ወሬ ይሰማል፤ የተኳረፈ ይታረቃል። ከወንፈሉ የቀረ ሰው ካለ ደግሞ «ዛሬ እገሌ ምን ሆኖ ቀረ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሥራው ሰውን ያገናኛል፣ መገናኘቱም ሰውን ከብቸኝነት ይጠብቃል።

ከዚሁ አርሶ አደር ቤት ወጥቶ፣ ተምሮ ከተማ የገባው ልጅ ኑሮ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ መልክ አለው። ሥራው የሒሳብ መዝገብ ማዘጋጀት፣ የሕንፃ ንድፍ መሥራት፣ መተርጎም ወይም የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ሊሆን ይችላል። ትዕዛዙ በኢሜይል ይመጣል፤ ክፍያው በባንክ ይገባል። በተከራያት አንዲት ክፍል ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ ሲውል፣ ከቤት አከራዩ በቀር ሰላምታ የሚለዋወጠው ሰው ላያገኝ ይችላል። ሁለትና ሦስት ቀን ታሞ ቢተኛም ከሥራው የተነሳ መቅረቱን የሚያውቅ ባልደረባ የለውም።

እንዲህ ያለውን የሥራ ብቸኝነት ለማቃለል ከታሰቡ መንገዶች አንዱ በእንግሊዝኛው አጠራር «ኮዎርኪንግ ስፔስ» የሚባለው የጋራ የሥራ ቦታ ነው። ለመሆኑ የጋራ የሥራ ቦታ ምንድን ነው? እንዴትስ ተጀመረ? በአንድ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ እንግዳን ሰው ወዳጅ ሊያደርግ የሚችለው በምን ሁኔታ ነው?

የጋራ የሥራ ቦታ ምንነት

የጋራ የሥራ ቦታ አሠሪያቸውና ሙያቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ የሚሠሩበት ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ያሉት ሰፊ አዳራሽ፣ አነስተኛ የስብሰባ ክፍል፣ የስልክ መነጋገሪያ ጥግና ቡና የሚፈላበት ቦታ ይኖረዋል። ተጠቃሚዎች በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር ሒሳብ እየከፈሉ ወንበሩን፣ ኢንተርኔቱን፣ መብራቱንና የሕትመት መሣሪያውን ይጋራሉ።

ከተለመደው መሥሪያ ቤት የሚለየው አለቃና ምንዝር የሌለበት መሆኑ ነው። አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡት ሰዎች አንዱ ጠበቃ፣ ሌላው ንድፍ ሠሪ፣ ሦስተኛው የንብ ማርን ለገበያ የሚያቀርብ ነጋዴ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዕድገት አይሻሙም፤ አንዱ በሌላው ላይ ሪፖርት አይጽፍም። ከኢንተርኔት ካፌም ይለያል። ኢንተርኔት ካፌ የገባ ሰው ጉዳዩን ፈጽሞ ይወጣል፤ የጋራ የሥራ ቦታ ግን ያው ሰው ነገም ከነገ ወዲያም የሚመለስበት ነው። ወዳጅነት የሚጸነሰውም በዚህ መመላለስ ውስጥ ነው።

ለአንድ ወር ማንም ያልመጣበት ጅምር

የዛሬዎቹ የጋራ የሥራ ቦታዎች ታሪክ ሲነሳ በቅድሚያ ከሚጠቀሱት ሰዎች አንዱ ብራድ ኒውበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ኒውበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አንድ ጥያቄ ያሳስበው ነበር። ተቀጥሮ ሲሠራ የሥራ ባልደረባና የተደላደለ የቀን ውሎ ያገኛል፣ ነፃነቱን ግን ያጣል። በግሉ ሲሠራ ነፃነቱን ያገኛል፣ ባልደረባና ሥርዓት ያለው ውሎ ግን ያጣል። ሁለቱን በአንድነት ማግኘት አይቻልም ወይ? ሲል ራሱን ጠየቀ።

መልሱን ለመሞከር «ስፓይራል ሚውዝ» በሚባል ቤት ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጠቀምበት ቦታ በወር 300 ዶላር ተከራየ። ጠዋት ጠዋት የሚታጠፉ ጠረጴዛዎችን እየዘረጋ ሰዎችን ይጠብቅ ጀመር። በመጀመሪያው ወር ማንም አልመጣም። ኒውበርግ ግን ሰዎችን እየፈለገ መጋበዙን አላቋረጠም፤ ከጊዜ በኋላ አንድ ሰው መጣ፣ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ።

በዚያ ቦታ ከጠረጴዛና ከኢንተርኔት ባሻገር ምሳ በጋራ ይበላ ነበር፤ የዕረፍት ሰዓትም ነበረው። ቤቱ የሚዘጋው እንደ ፈረንጆቹ ሰዓት 5፡45 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 11፡45 ሲሆን ሰዓቱም በጥብቅ ይከበር ነበር። ሰው ሥራ ላይ ተጣብቆ እንዳያመሽና ኑሮውን እንዳይረሳ ታስቦ ነበር። ቦታው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ቢዘጋም «ሃት ፋክተሪ» በተባለ ሌላ የጋራ የሥራ ቦታ ተተካ፤ ሐሳቡም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በዚያው በ2005 ዛሬ «ኢምፓክት ሃብ» በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት የመጀመሪያ ቦታ በለንደን ተከፈተ። በአፍሪካም በ2010 በናይሮቢ የተመሠረተው «አይሃብ» የኬንያ የቴክኖሎጂ ወጣቶች መሰባሰቢያ ለመሆን በቃ።

ከዚህ አጀማመር የሚወሰደው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የጋራ የሥራ ቦታ ሲታሰብ መነሻው የቤት ኪራይን መቀነስ ብቻ አልነበረም። ብቻውን የሚሠራ ሰው የሰው ረሃቡን የሚያስታግስበት ቦታ መፈለግም ነበር።

ብቸኝነት የሩቅ ሀገር ችግር አይደለም

«ብቸኝነት የፈረንጅ ችግር ነው፤ እኛ ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ቡና አለን» የሚለው አስተያየት የተለመደ ነው። እነዚህ እሴቶች ትልቅ ሀብት መሆናቸው አያጠያይቅም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 ያወጣው ሪፖርት ሌላ ገጽታ ያሳያል። በሪፖርቱ መሠረት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት ይጠቃል። ብቸኝነት በዓመት ከ871 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ሞቶች ምክንያት እንደሚሆንም ተገምቷል።

ብዙዎችን የሚያስገርመው ግን ችግሩ በየትኛው ሀገር እንደሚበረታ ነው። ሪፖርቱ እንደሚያመለክተው ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ብቸኝነት እንደሚሰማቸው የተናገሩ ሰዎች 24 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት 11 በመቶ ገደማ ናቸው። ከ13 እስከ 29 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ከሚገኙ ወጣቶችም ከ17 እስከ 21 በመቶ የሚሆኑት ብቸኝነት ይሰማቸዋል።

ብቸኝነት ሰው በሌለበት ቦታ መኖር ማለት አይደለም። በሰው በተሞላ ከተማ መካከል እየኖሩ ጭንቀትን የሚያካፍሉት ሰው ማጣት ማለት ነው። ለትምህርት ወይም ለሥራ ከቀየው የወጣ ወጣት የወላጆቹን ዕድር ይዞ አይሄድም። የሠፈሩ ቡና፣ የእናቱ ማኅበር፣ የአባቱ ወንፈል ከኋላው ይቀራሉ። በአዲሱ ከተማ እነዚህን የሚተካ ነገር ካላገኘ ጎዶሎው በጤናውም፣ በሥራውም፣ በተስፋውም ላይ መታየቱ አይቀርም። ገጠር ያለው ቤተሰብ ልጁ ሥራ ማግኘቱን እንጂ ሰው ማጣቱን ላያውቅ ይችላል።

ቅርበት የወዳጅነት መጀመሪያ ነው

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን አባባል የሥነ ልቦና ጥናትም ይደግፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ሊዮን ፌስቲንገር፣ ስታንሊ ሻክተርና ከርት ባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማሪ ቤተሰቦች መኖሪያ ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በአንድ ፎቅ ላይ ከሚኖሩ ሰዎች መካከል ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ የሆነው 41 በመቶ ያህሉ የቅርብ ወዳጆች ሆነው ተገኙ። ሁለት በር ርቀው ለሚኖሩት ቁጥሩ ወደ 22 በመቶ ወረደ። በአገናኝ መንገዱ ሁለት ጫፎች ለሚኖሩት ደግሞ 10 በመቶ ብቻ ነበር። በርቀቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት እርምጃ ነው፤ በወዳጅነቱ ላይ ያመጣው ልዩነት ግን ትልቅ ሆነ።

ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። ቅርብ ያለ ሰው ሳይታሰብ በተደጋጋሚ ይገናኛል። መጀመሪያ ፊት ይለመዳል፤ ቀጥሎ ሰላምታ ይመጣል፤ ከዚያ «ትናንት አልነበርክም» ይባላል። ቀጠሮ ሳይያዝ የሚደረግ እንዲህ ያለ ግንኙነት ለዓይን አፋር ሰው እንኳ ቀላል ነው። በየጊዜው ተመሳሳይ ሰዎች የሚመላለሱበት የጋራ የሥራ ቦታም ለተጠቃሚው የሚሰጠው የመጀመሪያ ስጦታ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ቅርበት ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ አዲስ ቦታ የተዛወሩ ሰዎችንና አዲስ የገቡ ተማሪዎችን በመጠየቅ ወዳጅነት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለማስላት ሞክረዋል። እንደ ግኝታቸው ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ገደማ አብሮ ማሳለፍን ይጠይቃል። ወደ እውነተኛ ጓደኝነት ለመድረስ 90 ሰዓት ገደማ፣ ወደ የልብ ወዳጅነት ለመድረስ ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል።

የዚህ ጥናት ሌላው ግኝት ለጋራ የሥራ ቦታዎች ትልቅ ትርጉም አለው። በሥራ ላይ አብሮ የሚጠፋ ሰዓት ለወዳጅነት ያለው ክብደት፣ በምግብ፣ በጨዋታና በዕረፍት አብሮ ከሚያልፍ ሰዓት ያነሰ ነው። ሁለት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኮምፒዩተር ቢያዩ፣ በዓመቱ መጨረሻም እንግዳ ሊሆኑ ይችላሉ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አብረው ቡና ቢጠጡ ግን በሳምንት አምስት ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ በሃያ ሳምንት ደግሞ 50 ሰዓት ይሞላል። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ትውውቁ ወደ ጓደኝነት ደፍ ይደርሳል ማለት ነው። የልብ ወዳጅነት በዚሁ ፍጥነት ከዓመት ተኩል በላይ ይጠይቃል። ወዳጅነት እንደ ቡና ተክል ነው፤ በተከሉት ሰሞን አይለቀምም።

የቅርብ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን ትውውቅም ይጠቅማል

በጋራ የሥራ ቦታ የሚገኝ ሰው ሁሉ የልብ ወዳጅ ይሆናል ማለት አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ማርክ ግራኖቬተር የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት፣ በቦስተን አቅራቢያ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ሥራውን በማን በኩል እንዳገኙት ጠይቀዋል። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ጠቋሚያቸውን አዘውትረው የሚያገኙት 17 በመቶ የማይሞሉ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሆኑት አልፎ አልፎ ብቻ ከሚያገኙት ሰው፣ 28 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከናካቴው እምብዛም ከማያገኙት ሰው ነበር ወሬውን የሰሙት።

ምክንያቱ ለገበያተኛ ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን ወሬ አብዛኛውን እኛም እናውቀዋለን። ከሌላ ሠፈር የመጣ ትውውቅ ግን የሌላ ሠፈር ወሬ ይዞ ይመጣል። በአንድ አዳራሽ የሚሠሩ የሒሳብ ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያና የማሸጊያ ንድፍ ሠሪ እያንዳንዳቸው የተለያየ የሰው ሰንሰለት አላቸው። የማር ነጋዴው ማሸጊያ የሚሠራለት ሰው የሚያገኘው፣ ንድፍ ሠሪው ደግሞ የግብር ጥያቄውን የሚያስረዳው ሰው የሚያገኘው በቡናው ጥግ ሊሆን ይችላል።

ሕንፃ ብቻውን ማኅበረሰብ አይሆንም

በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግሬቸን ስፕራይትዘር፣ ፒተር ባሴቪስና ሊንደን ጋሬት እ.ኤ.አ. በ2015 የጋራ የሥራ ቦታ ተጠቃሚዎችን በሚመለከት ባወጡት ጽሑፍ፣ ተጠቃሚዎቹ በሥራቸው ያላቸውን መነቃቃት ከሰባት ነጥብ ወደ ስድስት በሚጠጋ መጠን እንደሚገልጹት አስታውቀዋል። ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሰጡት ምክንያት ሦስት ነው። ሥራቸው ትርጉም ያለው መሆኑን ማየታቸው፣ ጊዜያቸውን ራሳቸው መምራታቸውና የአንድ ማኅበረሰብ አካል እንደሆኑ መሰማታቸው ናቸው። ከሰው ጋር መቼና ምን ያህል እንደሚቀራረቡ መምረጥ መቻላቸውም ጠቅሟቸዋል። ማንም ሳያስገድዳቸው የሚመጡ መሆናቸው ቅርርቡን ቀና ያደርገዋል።

ይህ ማኅበረሰብ ግን በቤት ዕቃ የሚገዛ አይደለም። በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ «ኢንዲ ሆል» የተባለውን የጋራ የሥራ ቦታ ያቋቋሙት ሰዎች የሄዱበት መንገድ ትምህርት ይሰጣል። አዳራሽ ከመከራየታቸው በፊት በግል የሚሠሩ ሰዎችን በየካፌው እየፈለጉ ማሰባሰብ ጀመሩ። ሰዎቹ ተዋውቀው አብሮ መዋልን ከለመዱ በኋላ ቦታው እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፈተ። ወንበሩ ሳይገዛ ሰዎቹ ነበሩ።

ተቃራኒውን መንገድ ያሳየው ደግሞ «ዊወርክ» የተባለው ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኒው ዮርክ ተመሥርቶ ማኅበረሰብን መፍጠር ዓላማው እንደሆነ እያስተዋወቀ በዓለም ዙሪያ ሕንፃዎችን ተከራየ። በ2019 መጀመሪያ 47 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ተሰጥቶት ነበር። በዚያው ዓመት አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ያደረገው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ፤ ኅዳር 2023 ደግሞ በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ መሠረት ከዕዳ ጥበቃ እንዲደረግለት አመለከተ። ለውድቀቱ ረጅም ጊዜ የሚጸና የኪራይ ውል፣ ከመጠን ያለፈ መስፋፋትና የኮሮና ወረርሽኝ ያመጣው የገበያ መቀዝቀዝ ምክንያት ሆነዋል። ማኅበረሰብ የሚለው ቃል በማስታወቂያ ላይ መጻፉ ኩባንያውን ከዕዳው አላዳነውም።

የጋራ የሥራ ቦታዎች ችግር የለባቸውም ማለትም አይደለም። ጫጫታ ሥራን ይረብሻል። ሐሳብ ይሰረቅብኛል የሚል ስጋት ይኖራል። ቀድመው የተዋወቁ ሰዎች የራሳቸውን ቡድን ፈጥረው አዲስ መጤውን ዳር ላይ ሊተዉት ይችላሉ። አምሽተው ለሚሠሩ ሴቶች የትራንስፖርትና የደኅንነት ጉዳይ ያሳስባል። ወርሃዊ ክፍያውም ገና ገቢ ላላገኘ ወጣት ከባድ ነው። እነዚህ ጉዳዮች አስቀድመው ካልታሰቡ ጠረጴዛው ይሞላል እንጂ ሰዎቹ አይገናኙም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ተሞክሮ

በኢትዮጵያ የዚህ አሠራር ቀደምት ምሳሌ ከሚባሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከሥነ ሕንፃና ከተማ ልማት ተቋሙ ጋር ተያይዞ የተመሠረተው «አይስ አዲስ» ነው። ወጣት የቴክኖሎጂና የንድፍ ባለሙያዎች ተሰባስበው ሐሳባቸውን የሚሞክሩበት ቦታ ሆኖ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በመመሥረት የሚታወቁት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ያቋቋሙት «ብሉ ሙን» ደግሞ በግብርና ላይ የሚሠሩ የወጣቶች ጀማሪ ንግዶችን በመደገፍ ይታወቃል። የጋራ የሥራ ቦታ የኮምፒዩተር ሰዎች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል። ዘር፣ ወተት፣ ማርና አትክልት ይዘው የሚነሱ ወጣቶችም የሐሳብ ጓደኛ ያስፈልጋቸዋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ ወጣቶች የዲጂታል ክህሎትን በኢንተርኔት እንዲማሩ ዕድል ከፍቷል። ሥልጠናው ስልክና ኮምፒዩተር ባለበት ሁሉ ሊወሰድ ስለሚችል በየከተማው ብቻቸውን የሚማሩና ብቻቸውን የሚሠሩ ወጣቶች ቁጥር መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። ክህሎቱን በኢንተርኔት ማግኘት ይቻላል፤ የሚያበረታታ ጓደኛ ማግኘት ግን በአካል መገናኘትን ይፈልጋል።

እንዲያውም በየከተማው ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የተሠሩት ሼዶች ስሙ ሳይሰጣቸው የጋራ የሥራ ቦታ ናቸው ማለት ይቻላል። በአንድ ግቢ ውስጥ እንጨት ሠሪው፣ ብረት በያጁና ልብስ ሰፊዋ ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዱ የሌላውን መሣሪያ ይዋሳል፤ አልጋ ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ የመስኮት ብረት ቢፈልግ ወደ ጎረቤት ሼድ ይላካል። ጠዋት በአንድ ጀበና ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ዕቁብ ይጥላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሐዘን ቢደርስበት ሥራ ትተው ይሄዳሉ። ተመራማሪዎች በሌላ ሀገር በቁጥር ያስቀመጡት ነገር በእነዚህ ግቢዎች በየዕለቱ ይታያል።

ቦታውን የሚያስተዳድሩና የሚጠቀሙ ሰዎች ምን ያድርጉ?

ለወጣቶች የጋራ የሥራ ቦታ ለመክፈት የሚያስቡ ማኅበራት፣ ዩኒቨርሲቲዎች ወይም የከተማ አስተዳደሮች ከቀደሙት ተሞክሮዎች ሊወስዷቸው የሚችሉ ነጥቦች አሉ።

የመጀመሪያው ከሕንፃ በፊት ሰው መሰብሰብ ነው። አሥር ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን በአንድ የወጣት ማዕከል ወይም ቤተ መጻሕፍት ተገናኝተው አብረው መሥራት ቢጀምሩ ትልቅ ወጪ ሳይወጣ ፍላጎቱ ይታወቃል። ኒውበርግ የጀመረው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር።

ሁለተኛው አስተናጋጅ መመደብ ነው። ይህ ሰው ሥራው በር መክፈትና ሒሳብ መቀበል ብቻ አይደለም። አዲስ የመጣውን በስሙ ተቀብሎ፣ ሙያውን ጠይቆ፣ ከሚመስለው ወይም ከሚጠቅመው ሰው ጋር ያስተዋውቀዋል። በሠርግ ቤት እንግዳን ተቀብሎ ቦታ የሚያሲዝ ሰው ከሌለ እንግዳው በር ላይ ቆሞ እንደሚቀር ሁሉ፣ አስተናጋጅ የሌለው አዳራሽም መጤውን ዳር ላይ ያስቀራል።

ሦስተኛው ቋሚ የጋራ ሰዓት መወሰን ነው። የቡናው ሰዓት በየቀኑ አንድ ከሆነና ኮምፒዩተሮች በዚያ ሰዓት ከተዘጉ ሰዎች ሳይጠራሩ ይገናኛሉ። የቡና ሥርዓታችን ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ጊዜ እንዲፈላ መደረጉ ሰውን አረጋግቶ ለማጫወት የተመቸ ነው። ይህን ሀብት ቸኩሎ በሚጠጣ የወረቀት ኩባያ መተካት ትርፍ የለውም።

አራተኛው ተጠቃሚዎች ኃላፊነት እንዲጋሩ ማድረግ ነው። ቡና በተራ ማፍላት፣ አዲስ መጤን ማለማመድ፣ የሚያውቁትን ሙያ በወር አንድ ቀን ለሌሎች ማስተማር ይቻላል። ወንፈልን የሚያጸናው ዛሬ የተቀበለው ነገ የሚመልስ መሆኑ ነው። የሚከፍል ደንበኛ ብቻ የሆነ ሰው ክፍያው ሲከብደው ይሄዳል፤ ተራ ያለው ሰው ግን ሲቀር ይታወቃል።

ቦታውን የሚጠቀመው ሰው ድርሻም ቀላል አይደለም። አዘውትሮ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት መምጣት ፊትን ያስለምዳል። ጆሮን በማዳመጫ ደፍኖ መዋል ሥራን ቢያፋጥንም ሰውን ያርቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ በቡና ሰዓት ማውለቅ ይገባል። ትንሽ ዕርዳታ መጠየቅም ሆነ መስጠት የትውውቅ በር ይከፍታል። በመጀመሪያው ሳምንት ወዳጅ አላገኘሁም ብሎ መተው ግን ወዳጅነት የሚፈጀውን ጊዜ አለማወቅ ነው።

የጋራ የሥራ ቦታ ዕድርን አይተካም፤ የሠፈር ቡናንም፣ ቤተሰብንም አይተካም። ከእነዚህ ርቆ ለሚሠራ ሰው ግን ወደ ሰው መመለሻ አንድ መንገድ ሊሆን ይችላል። የአንድ የጋራ የሥራ ቦታ ስኬት በኢንተርኔቱ ፍጥነት ወይም በወንበሩ ምቾት ብቻ ሊለካ አይገባም። ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ሁለት ቀን ሳይመጣ ሲቀር ስልክ የሚደውልለት፣ ታሞ ከሆነም ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው አለ ወይ? መልሱ «አለ» ከሆነ፣ ቦታው ጠረጴዛ ከማከራየት ያለፈ ሥራ እየሠራ ነው።